የአጋዘን እድሜና የቀንድ መጠን፦ ከመተኮሳችሁ በፊት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ጽሑፍ አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ አውጥተው ነጭ ጅራቱን አጋዘን ለሚያድኑ፣ ወይም ዘንድሮ ለመጀመር ላሰቡ ነው። ምዕራቡ ክፍል ባለ ትልልቅ ጆሮው ሚዩል ዲር አለ፤ እሱን ዛሬ አንነካውም። ሐበሻ በብዛት በሚኖርባቸው እንደ ሚኒሶታ፣ ቨርጂኒያና ቴክሳስ ባሉ ግዛቶች በዋናነት የሚታደነው ነጭ ጅራቱ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የምፈልገው ሥጋ ነው። እድሜው ምን ያደርግልኛል?

ሥጋ ብቻ ከሆነ የፈለጋችሁት፣ ሴት ለማደን የሚፈቅድ ታግ አውጡና ነገሩን አቅልሉት። ሥጋዋ ለስላሳ ነው። አጋዘን በበዛበት አካባቢ ደግሞ ቁጥሩ የሚቀንሰው ሴቶቹ ሲታደኑ ነው።

ወንድ ለማደን ካሰባችሁ ግን ሁለት ምክንያት አለ። አንደኛው ሕግ ነው፤ በብዙ ቦታ ገና ያልደረሰ ወንድ መግደል ያስቀጣል። ሁለተኛው ግልጽ ሒሳብ ነው። በየዓመቱ የአንድ ዓመት ተኩሎቹ ወንዶች ተለቅመው ካለቁ፣ በዚያ ጫካ ትልቅ ወንድ ከየት ይመጣል? "እዚህ አካባቢ ትልቅ ቀንድ የለም" የሚባልበት ቦታ ብዙ ጊዜ ያጣው ዘር አይደለም። ያጣው እድሜ ነው።

ለምንድን ነው ሁልጊዜ "ተኩል" የሚባለው? አንድ ተኩል፣ ሁለት ተኩል...

ግልገሎቹ በብዛት የሚወለዱት በሜይና በጁን ነው። የአደኑ ወቅት ደግሞ ኖቬምበር አካባቢ ይውላል። ስለዚህ በአደን ሰሞን የምታዩት እንስሳ ሁሉ የስድስት ወር ገደማ፣ የአንድ ዓመት ተኩል፣ የሁለት ዓመት ተኩል እያለ ነው የሚሄደው።

የቀንዱን ቅርንጫፍ ቆጥሬ እድሜውን ማወቅ አልችልም?

አትችሉም። ይህ ከሁሉም በላይ ሥር የሰደደ ስህተት ነው።

የአጋዘን ቀንድ በየዓመቱ ይወድቃል፣ በየዓመቱ እንደ አዲስ ይበቅላል። ከአሜሪካው ክረምት፣ ማለትም ከብርዱ ወቅት፣ አጋማሽ እስከ ማርች ባለው ጊዜ ይረግፋል። በጸደይ እንደገና ማቆጥቆጥ ይጀምራል። በጋውን ሙሉ ደም በሚያመላልስ ለስላሳ ፀጉራም ቆዳ ተሸፍኖ ያድጋል። በኦገስት መጨረሻና በሴፕቴምበር እንስሳው ዛፍ ላይ እያሻሸ ቆዳውን ይገፈዋል። የቀኑ ርዝመት ሲለወጥ የወንዴው ሆርሞን መጠን ይለወጣል፤ ቀንዱም በዚያው ይታዘዛል።

የዚያ ዓመት ቀንድ ምን ያህል እንደሚሆን የሚወስኑት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ እድሜ፣ ምግብ እና ዘር። ጥሩ የአኩሪ አተርና የበቆሎ እርሻ አጠገብ ያደገ የአንድ ዓመት ተኩል ወንድ ስምንት ቅርንጫፍ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ድሃ መሬት ላይ የሚኖር የአራት ዓመት ተኩሉም ስምንት ይዞ ይመጣል። ብዛቱን ብቻ ካያችሁ ሁለቱ እኩያ ናቸው።

ቀንዱ ወደ ሙሉ መጠኑ የሚደርሰው በአብዛኛው ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ባለው እድሜ ነው። ካረጀ በኋላ ሊቀንስም ይችላል።

ታዲያ ምኑን ልይ?

ገላውን። መጀመሪያ አንገቱን፣ ቀጥሎ ደረቱንና ሆዱን፣ ከዚያ እግሩን። ቀንዱን መጨረሻ ላይ። ቅደም ተከተሉ በዘፈቀደ የመጣ አይደለም። ትልቅ ቀንድ አንዴ ዓይን ውስጥ ከገባ፣ ገላውም ሁሉ ትልቅ መስሎ ይታያል። ወንድ መሆኑን ካረጋገጣችሁ በኋላ ቀንዱን ለጊዜው እርሱት።

አገር ቤት የከብት ገበያ የዋለ ሰው ይህን ዓይን ይዞ ነው የመጣው። ወይፈኑን ከበሬው የሚለየው ቀንድ ለክቶ አይደለም፤ አንገቱን፣ ፍርምባውን፣ አቋሙን አይቶ ነው። እዚህም ያው ነው።

የአንድ ዓመት ተኩሉ ቀጭን ነው። እግሩ ረዥም፣ አንገቱ ሰላላ፣ ፊቱ ሾል ያለ። ቀንድ ባይኖረው ሴት ናት ብላችሁ ታልፉት ነበር። ጠባዩም ያጋልጠዋል፤ ብዙ ጊዜ ሳይጠነቀቅ ቀድሞ ሜዳ ላይ የሚወጣው እሱ ነው።

የሁለት ዓመት ተኩሉ ትንሽ ያታልላል። ትከሻው መሙላት ጀምሯል፣ በስሪያ ወቅት አንገቱም ወፈር ይላል። ግን እግሩ አሁንም ለገላው የረዘመ ይመስላል፣ ሽንጡም ወደ ውስጥ ገባ ያለ ነው። ጎረምሳ ነው። ብዙ አዳኝ "ትልቅ ነው" ብሎ ተኩሶ የሚያዝነው በዚህኛው ነው።

የሦስት ዓመት ተኩሉ ደረቱ ሞልቷል፤ ከኋላው ይልቅ ከፊቱ ይከብዳል። አንገቱ ወፍሯል፣ ነገር ግን አንገት አልቆ ትከሻ የሚጀምርበት ቦታ በግልጽ ይለያል። የሆዱ መስመር ቀጥ ያለ ነው። ያማረ እንስሳ ነው፣ ጣት ያሳክካል። ቀንዱ ግን ገና ቀሪ ዕድገት አለው።

ከአራት ዓመት ተኩል ጀምሮ አንገትና ትከሻ ይዋሃዳሉ። ወገቡ ወርዶ ከደረቱ ጋር ይስተካከላል። እግሩ ያጠረ ይመስላል፤ እግሩ ግን አላጠረም፣ ገላው ነው የወፈረው። በስሪያ ወቅት ቋንጃው ላይ ያለው እጢ ጠቁሮ፣ ጥቁረቱ ወደ ታች ሊወርድ ይችላል። ይሄ የሚሆነው እንስሳው እጢው ላይ ስለሚሸና ነው።

ከአምስት ተኩል በላይ ያለው ደግሞ ሆዱ ተንጠልጥሎ፣ ጀርባው መሃሉ ላይ ሰርጉዶ፣ ከአገጩ ሥር ያለው ቆዳ ላልቶ ይታያል። እርምጃው ከባድ ነው። ሜዳ ላይ ከመውጣቱ በፊት ጫካው ጥግ ቆሞ ያሸታል፣ ያያል፣ እንደገና ያሸታል።

እውነቱን ለመናገር፣ ከሦስት ተኩል በላይ ያለውን በዓይን ብቻ ለይቶ ቁጥር መስጠት ለባለሙያም ይከብዳል። "አንድ ተኩል፣ ሁለት ተኩል፣ ሦስት ተኩል፣ ትልቅ" ብሎ በአራት መክፈል ይበቃችኋል። ማማ ላይ ተቀምጦ "ይሄማ ስድስት ዓመት ተኩሉ ነው" ብሎ የሚምልላችሁ ሰው ካጋጠማችሁ ፈገግ ብላችሁ እለፉት።

ግምቴ የሚሳሳተው መቼ ነው?

ከሁሉም በላይ ወቅቱ ያሳስታል። በብዙው የአሜሪካ ክፍል የስሪያው ግለት ኖቬምበር ላይ ነው። ከዚያ በፊት ባሉት ሳምንታት ወንዱ ጠግቦ፣ አንገቱ አብጦ፣ ሙሉ ሆኖ ይታያል። ለመገመት የተመቸው ጊዜ ይሄ ነው፤ ከላይ የተዘረዘሩት ምልክቶችም በዚህ ሰዓት ያለውን እንስሳ የሚመለከቱ ናቸው። ስሪያው ካለፈ በኋላ ያው እንስሳ ሴት ሲያሳድድ ከርሞ ብዙ ኪሎ ጥሏል። ሆዱ ገብቷል፣ አንገቱ ሟሟል። የአምስት ዓመቱን ሦስት ዓመት ብላችሁ ልትገምቱት ትችላላችሁ። በተቃራኒው በሴፕቴምበር መጀመሪያ አንገቱ ገና ስላላበጠ ትልቁ ሁሉ ልጅ ይመስላል።

አቋሙም አለ። አንገቱን ዘርግቶ መሬት የሚያሸት እንስሳ ቀጭን ይመስላል። ቀና ብሎ ፊት ለፊት ሲያያችሁ ደግሞ ይገዝፋል። ፍርድ የሚሰጠው ጎኑን ሰጥቶ፣ ደልደል ያለ መሬት ላይ ሲቆም ነው።

ቦታም ይለያያል። የሚኒሶታው ነጭ ጅራት ከቴክሳሱ በጣም ይገዝፋል። የፍሎሪዳ ኪስ የሚባሉት ደሴቶች ላይ ያሉት ደግሞ ጭራሽ ድንክ ናቸው፤ በሕግ የተጠበቁ ስለሆኑም አይታደኑም። ስለዚህ ዓይናችሁን በምታድኑበት አካባቢ እንስሳ ነው ማሠልጠን ያለባችሁ። ዛፍ ላይ የሚታሰር ካሜራ በጣም ያግዛል፤ አንዱን ወንድ ከበጋ ጀምሮ እየደጋገማችሁ ስታዩት በአንድ ብልጭታ ከመፍረድ ትድናላችሁ።

የቀንዱን ስፋት ከሩቅ እንዴት ልለካ?

መለኪያው ራሱ እንስሳው ላይ ነው፤ ጆሮው። ነቅቶ ጆሮውን ወደ ጎን ሲዘረጋ፣ ከአንዱ ጆሮ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ በሰሜኖቹ ግዛቶች ወደ 16 ኢንች ይሆናል። በቴክሳስ ወደ 13 ኢንች ተብሎ ይታሰባል። ቀንዱ ከጆሮው ጫፍ አልፎ ከወጣ፣ ስፋቱ ከዚያ በላይ ነው ማለት ነው።

ቅርንጫፎቹ የሚወጡበት የዋናው ግንድ ርዝመት ከጎን ነው የሚታየው። ወደ ፊት ዞሮ ከአፍንጫው ጫፍ በላይ ከደረሰ 20 ኢንች አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ነው። ውፍረቱን ከዓይኑ ጋር አስተያዩት፤ የዓይኑ ዙሪያ ወደ 4 ኢንች ይሆናል።

ቅርንጫፍ ለመቁጠር ፈጣን ዘዴ አለ። ከጎን ስታዩት፣ ከግንባሩ አጠገብ ያለችውን የመጀመሪያ ቅርንጫፍ ተዉት። ከዚያ በኋላ ከግንዱ ላይ ወደ ሰማይ የቆሙ ሁለት ካሉ፣ ሌላኛው ጎን ተመሳሳይ ከሆነ፣ ባለ ስምንት ነው። ሦስት ካሉ ባለ አስር። የግንዱ ጫፍ ራሱ እንደ አንድ ይቆጠራል።

ከኋላው ስታዩት ስፋቱ ከእውነቱ በላይ ይመስላችኋል። እየሸሸ ያለ እንስሳ ሁሌም ትልቅ ነው!

ሰዎች "መቶ ሃያ ነው፣ መቶ ሃምሳ ነው" የሚሉት ስኮር ምንድን ነው?

በኢንች የተሰላ ድምር ነው። ደንቡን የሚጠብቀው ቡን ኤንድ ክሮኬት ክለብ ነው። ክለቡን በ1887 የመሠረተው በኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው ቴዎዶር ሩዝቬልት ነው። አሁን የሚሠራበት የአለካክ ሥርዓት ደግሞ በ1950 ጸደቀ።

የሚደመሩት በግንዶቹ መካከል ያለው የውስጥ ስፋት፣ የሁለቱ ዋና ግንዶች ርዝመት፣ የእያንዳንዱ ቅርንጫፍ ርዝመት፣ እና በየጎኑ አራት ቦታ ላይ የሚለካ የውፍረት ዙሪያ ናቸው። ቅርንጫፍ ተብሎ ለመቆጠር ቢያንስ 1 ኢንች መርዘም አለበት።

አንድ የተለመደ ባለ ስምንት እንውሰድ። የውስጥ ስፋቱ 16። ግንዶቹ 20 እና 20። የግንዱን ጫፍ ሳንቆጥር በየጎኑ ሦስት ቅርንጫፍ፣ 4፣ 8 እና 6 ኢንች፤ የሁለቱ ጎን ድምር 36። ዙሪያው በየቦታው 4 ቢሆን፣ ስምንት ልኬት ስለሆነ 32። ጠቅላላው 124 ይመጣል። በቀስት ለሚያድኑ መዝገብ የሚይዘው ፖፕ ኤንድ ያንግ ክለብ ለመደበኛ ቅርጽ ቀንድ የሚጠይቀው ዝቅተኛ ነጥብ 125 ነው። ስለዚህ ይህ ውብ እንስሳ በአንድ ኢንች ወደቀ። ያውም ግራና ቀኙ እኩል ነው ብለን ነው፤ ልዩነት ካለ ይቀነሳል። የቡን ኤንድ ክሮኬት የሁልጊዜ መዝገብ ደግሞ 170 ይጠይቃል። የመደበኛ ቅርጽ የዓለም ክብረ ወሰን በ1993 ካናዳ፣ ሳስካችዋን ውስጥ የተገኘ ሲሆን ነጥቡ 213 ከአምስት ስምንተኛ ነው።

ይፋዊ ልኬት የሚደረገው ቀንዱ 60 ቀን ከደረቀ በኋላ ነው፤ ሲደርቅ ይሸማቀቃል። በግሌ ስኮር ብዙ አያስደስተኝም። አንድን እንስሳ ግራው ከቀኙ ስላነሰ ነጥብ መቀነስ የሚገርም ሥራ ነው። ቋንቋውን ማወቅ ግን ይጠቅማል፤ አዳኞች የሚያወሩት በእሱ ነው።

ሕጉ ስለ ቀንድ ምን ይላል?

እንደ ግዛቱ፣ እንዲያውም እንደ ካውንቲው ይለያያል። ቴክሳስ ውስጥ የቀንድ ገደብ ባለባቸው ካውንቲዎች ወንዱ ሕጋዊ የሚሆነው የውስጥ ስፋቱ 13 ኢንችና ከዚያ በላይ ሲሆን፣ ወይም ቢያንስ አንዱ ቀንዱ ቅርንጫፍ የሌለው ሲሆን ነው። የጆሮው መለኪያ እዚህ ላይ ነው ነፍስ የሚያድነው። ፔንሲልቬኒያ ገደቡን የጀመረችው በ2002 ሲሆን፣ እሷ የምትቆጥረው ስፋት ሳይሆን በአንዱ ጎን ያለውን የቅርንጫፍ ብዛት ነው። የሁለቱም ዓላማ አንድ ነው፤ የአንድ ዓመት ተኩሎቹን ማትረፍ።

ደንቡ ከዓመት ዓመት ይቀየራል። የግዛታችሁን የዘንድሮ መመሪያ አንብቡ፤ የባለፈው ዓመት የጓደኛ ወሬ አይበቃም። እርግጠኛ ካልሆናችሁ አትተኩሱ። ለሬንጀሩ "ጆሮውን አይቼ ነበር" ማለት ከቅጣት አያድንም።

ባለ ሁለት ቀጥ ያለ ቀንዱ፣ ስፓይክ የሚሉት፣ ዘሩ መጥፎ ነው ይባላል። እውነት ነው?

ቴክሳስ ውስጥ ሲያከራክር የኖረ ጉዳይ ነው። ዘግይቶ የተወለደ ወይም እናቱ የተራበችበት ግልገል የመጀመሪያ ቀንዱ ቀጥ ያለ ዘንግ ብቻ ሊሆን ይችላል። በኋላ ዓመታት ግን ብዙዎቹ ጥሩ ቀንድ ያወጣሉ። አጥር በሌለው ጫካ ውስጥ "ዘር አጠራለሁ" ብሎ መተኮስ ውጤቱ እዚህ ግባ የሚባል አይመስለኝም።

በጠመንጃዬ መነጽር አይቼ ብገምትስ?

በፍጹም። በጠመንጃው መነጽር ያያችሁት ነገር ሁሉ አፈሙዝ ተደቅኖበታል። ቁጥቋጦው ውስጥ የሚንቀሳቀሰው ሰው ሊሆን ይችላል። ለማየት ለብቻው የርቀት መነጽር ያዙ፤ 8 ወይም 10 እጥፍ የሚያቀርብ ይበቃል። ከጠመንጃው ጋር ማየት የሚመጣው ከወሰናችሁ በኋላ ነው።

የእኛ አገር የደጋ አጋዘን በዚሁ መንገድ ይገመታል?

አይገመትም፤ እንስሳው ሌላ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ቀንዱን በየዓመቱ የሚጥል የዱር እንስሳ የለም። በባሌና በአርሲ ተራሮች የሚኖረው የደጋ አጋዘን ከድኩላ ወገን ነው። ቀንድ የሚያወጣው ወንዱ ብቻ ነው፤ የተጠማዘዘና ቅርንጫፍ የሌለው ሲሆን እስኪሞት አብሮት ይኖራል። ስለዚህ እዚያ የቀንዱ ርዝመትና ጥምዝምዝ ስለ እድሜው የሚነግረው ነገር አለ፤ ያረጀው ጫፉ የተበላ ነው። ወንዱ እድሜው ሲገፋ መልኩም ይጠቁራል። ሌላ ቦታ የማይገኝ እንስሳ ስለሆነ አደኑ በመንግሥት ኮታና ፈቃድ የታጠረ ነው።

ከተኮስኩ በኋላ ትክክል መሆኔን በምን አውቃለሁ?

በጥርሱ። የታችኛው መንጋጋ የጎን ጥርሶች ይታያሉ። ከፊት ሲቆጠር ሦስተኛው የመንጋጋ ጥርስ ሦስት ጉብታ ካለው እንስሳው አንድ ዓመት ተኩል ወይም ከዚያ በታች ነው። ይህ የወተት ጥርስ ነው። ሲቀየር የሚተካው ባለ ሁለት ጉብታ ነው። ከዚያ በላይ ላለው ነጩ ሽፋን ምን ያህል እንደተበላና ውስጡ ያለው ቡናማ ክፍል ምን ያህል እንደሰፋ እየታየ ይገመታል። ዘዴው በ1949 ኒው ዮርክ ውስጥ ከተሠራ ጥናት የመጣ ነው። አሸዋማ መሬት ላይ የሚግጥ እንስሳ ጥርሱ ቶሎ ስለሚያልቅ ይሄም ግምት ነው። የበለጠ የሚፈልግ ሰው የፊት ጥርሱን ነቅሎ ላቦራቶሪ ይልካል፤ ሥሩ ላይ በየዓመቱ የሚጨመረውን መስመር ይቆጥሩለታል።

መንጋጋውን አትጣሉት። አድርቃችሁ፣ ከመተኮሳችሁ በፊት የገመታችሁትን እድሜ ጻፉበትና አስቀምጡ። ዓይን የሚሰላው በዚህ ነው።

ያረጀ ወንድ ሥጋው ይበላል? ክትፎስ ይሆናል?

ይበላል። ጠንከር ይላል፣ በስሪያ ሰሞን ሽታውም ሊበረታ ይችላል። የአጋዘን ሥጋ ስብ የለውም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ለቋንጣ የተሠራ ነው። ለጥብስ ከሆነ ከጀርባው የሚወጣውን ለስላሳ ሥጋ ቅቤ ጨምሩበትና ቶሎ አውርዱት። ክትፎ ግን ይቅርባችሁ። የዱር ሥጋ ጥሬውን ጥገኛ ተህዋስና ባክቴሪያ ሊያስተላልፍ ይችላል፤ ክትፎ ካማራችሁ በደንብ የበሰለ ይሁን። ሲ.ደብሊው.ዲ የሚባለው የአጋዘን የአንጎል በሽታ በታየባቸው አካባቢዎች ደግሞ ናሙና ለምርመራ ስጡ፤ ውጤቱ እስኪመጣ አትብሉ። ምግብ ማብሰል ይህን በሽታ አምጪ አያጠፋውም።

ለጿሚዎች አንድ ነገር፦ ሚኒሶታ የጠመንጃ አደን የሚከፈተው በኖቬምበር መጀመሪያ ነው። የነቢያት ጾም በእኛ አቆጣጠር ህዳር 15 ይገባል። ያለችው ጊዜ አጭር ናት፤ ፍሪዘሩን ቀድማችሁ አዘጋጁ።

ሴት ነች ብዬ ተኩሼ ወንድ ግልገል ሆኖ ተገኘ። እንዴት ልለየው እችል ነበር?

የስድስት ወር ወንድ ግልገል ግንባሩ ላይ በፀጉር የተሸፈኑ ሁለት ጉብታዎች ብቻ አሉት፤ ከሩቅ አይታዩም። ራሱ ላይ አተኩሩ። የሴቷ አናት በጆሮዎቿ መካከል ክብ ነው፤ የወንዱ ግልገል ጠፍጣፋ ነው። የትልቅ ሴት ገላ ረዘም ያለ፣ አፏም ረዥም ነው። ግልገል ገላው አጠር ያለ፣ አፉም አጭር ነው። ብቻውን ወደ ሜዳ የሚወጣ ትንሽ አጋዘን ካያችሁ ብዙ ጊዜ ወንዱ ግልገል ነው። መጠኑን የምታነጻጽሩበት ሌላ አጋዘን አጠገቡ ከሌለ ታገሱ፤ ሁለት ሦስት ሆነው ሲወጡ ትልቋ ራሷ ትለያለች። ብርሃኑ ሊጠፋ ሲል ከሆነ ደግሞ ለነገ ተዉት።